ልጁን የያዘችው ስም የላትም

ቅዳሜ ከሰዓት ዝናብ ያዘኝና ከቦሌ መድኃኔዓለም በታች ካለው ቪዲዮ ቤት በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። ሀጀር ከውስጥ ካሴት ይዛ ወጣች። ትንሽ ቆይተው እትዬ ዓለሚቱ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው እየሮጡ መጡ። ሦስታችንም የአንድ ሰፈር ሰዎች ነን። አጥር ለአጥር እየኖርን ወር ሙሉ ሳንተያይ እንከርማለን። ያን ቀን ዝናብ አገናኘን።

ሀጀር የነጋዴው የሙነወር ልጅ ናት። ወላጆቿ ከወሎ መጥተው እዚሁ ቀሩ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ኤርፖርቱ አጠገብ አንድ የጭነት አስተላላፊ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። ባሏ ኻሊድ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ሐሩን የሚባል ገና መሄድ የጀመረ ልጅ አላቸው። እትዬ ዓለሚቱ ደግሞ ቡልቡላ ከገበሬ ቤት የተወለዱ፣ በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር የነበሩ ናቸው። አሁን ማኅበሩም የለም፣ ወንበሩም የለም። ድምፃቸው ግን አለ።

«ምን ፊልም ነው?» አልኳት ሀጀርን።

«የሴት ጠቅላይ ሚኒስትር ታሪክ። ሦስተኛዬ ነው ስከራየው።»

«ሦስቴ? ምን ጠፍቶብሽ ነው?»

«ንግግሯን ላጠና። ሰኞ ኢንተርቪው አለኝ፤ ለክፍል ኃላፊነት። ከተወዳዳሪዎቹ እኔ ብቻ ነኝ ሴት።» ቆም አለችና ሳቀች። «እንደዚህ ማለት የለብኝም። እሷ እንዲህ አትልም።»

«ታዲያ ምን ትላለች?» አሉ እትዬ ዓለሚቱ ነጠላቸውን እየጨመቁ።

«ኑ ቤት እናንተው እዩ። እኔ አስተረጉምላችኋለሁ።»

በሩን የከፈተችልን ሜቲ ናት። ሐሩንን አዝላ። ሜቲ የደቻሳ ልጅ ናት፤ ደቻሳ ቡልቡላ ያርሳል። ወደ ሀጀር ቤት ያመጧት ራሳቸው እትዬ ዓለሚቱ ናቸው፤ «ልጅህ ከተማ ትማራለች» ብለው ለደቻሳ ቃል ሰጥተው። ሀጀር ለሰው ስታስተዋውቃት «እንደ ልጃችን ናት» ትላለች። በእኛ ሰፈር «እንደ ልጃችን» ከተባለች ደሞዝ የላትም፣ የእረፍት ቀንም የላትም። ምትኩ ትምህርት ነው። ሜቲ የማታ ተማሪ ናት፤ ስምንተኛ ክፍል። ዘንድሮ ሚኒስትሪ ትፈተናለች።

ፊልሙ ተጀመረ። ሴትየዋ ቤቷ ሳሎን ቁጭ ብላ ጋዜጠኛ ይጠይቃታል። ሀጀር ከወንበሯ ወደፊት ወጥታ አብራ ታወራለች።

«"ሴት ሆኜ አልመጣሁም፤ ሠርቼ ነው የመጣሁት" አለች። ሰማችሁ? "የሴቶች ጥያቄ የእናቶቻችን ጥያቄ ነበር። እነሱ ጮኸው ጨርሰውታል። ዛሬ የሚከለክለን የለም። የቀረው መፈለግ ብቻ ነው። የፈለገች ትገባለች፤ ያልፈለገችም ምርጫዋ ነው።"»

እውነቱን ልናገር፤ ለጆሮ ደስ ይላል። እኔም መሥሪያ ቤት ውስጥ «እናንተ ሴቶች» መባል አንገሽግሾኛል። ሰው በሥራው ቢጠራ ማን ይጠላል? ሀጀርም በዚህ አልተሳሳተችም።

«እስቲ ወደኋላ አጠንጥኚው» አሉ እትዬ ዓለሚቱ።

«የቱን?»

«ቁጭ ብላ የምታወራበትን። እዚያ ጋ... አቁሚ! ከኋላዋ ልጅ አቅፋ የምታልፈው ማናት?»

ሀጀር ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች። «እ... ሠራተኛዋ ትሆናለች።»

«ስሟ ማነው?»

«እኔ እንጃ፤ ፊልም ነው እኮ እትዬ!»

«እንግሊዝኛው ስለማይገባኝ እሷን ነው ሳይ የቆየሁት። በር ትከፍታለች፣ ልጅ ታስተኛለች፣ ሻይ ታመጣለች። አንቺ የሴትየዋን አፍ ታያለሽ። እኔ ምን ልይ?»

«ስም የላትም» አለ ከኋላችን ድምፅ። ሜቲ ናት። በሩ ጋ ቆማ ሐሩንን እሹሩሩ ትላለች። «በመጣ ቁጥር አይቼዋለሁ። አንድም ቦታ አይጠሯትም።»

ሀጀር ካሴቱን አጠፋችው።

«ይከፈላታል» አለች። «መርጣ ነው የምትሠራው። ማን አስገደዳት?»

«ሜቲስ?» አሉ እትዬ ዓለሚቱ።

«ሜቲ እንደ ልጃችን ናት! ትምህርት ቤት አስገብቻታለሁ። ከጠነከረች የማትደርስበት የለም። እኔ ራሴ ሥራ ውዬ ማታ ማኔጅመንት እማር የለ?»

«አንቺ ማታ ስትማሪ ሐሩንን ማን ይይዛል?»

እትዬ ዓለሚቱ መልሷን ሳይጠብቁ ወደ ሜቲ ዞሩ። «ትምህርቱ እንዴት ነው የኔ ልጅ?»

ሜቲ መጀመሪያ ሀጀርን አየች። «ቀሪ በዝቶብኛል። እስከ ሰኞ ወላጅ አምጪ ተብያለሁ። ካልመጣልኝ ከሚኒስትሪ ይሰርዙኛል።»

«እና ዝም ትያለሽ?» ሀጀር ደነገጠች። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬዎት ነበር እትዬ ሀጀር። ያን ጊዜ ፊልሙን እያዩ ነበር። "ጠንካራ ሁኚ፣ ራስሽ ጨርሺው" አሉኝ።»

የሀጀር ፊት ቀላ። የተነካ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው መቆጣት ነው፤ እሷም ተቆጣች።

«እኔንስ ማን ደገፈኝ? ብቻዬን ነው የወጣሁት! እርስዎ እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያን ሁሉ ዓመት "ሴቶች ተደራጁ" ብለው ጮኹ። ምን ተገኘ? እናቴን ሰልፍ ይወስዷት ነበር። ስትመለስ እራቱ አልተሠራም፤ አባቴ አኩርፎ ተቀምጧል። መፈክሩ ሽንኩርት አልላጠላትም።»

«እውነትሽን ነው» አሉ እትዬ ዓለሚቱ።

እሰጥ አገባ ጠብቄ ነበር። ሀጀርም እንደዚያው።

«እውነትሽን ነው። እኛ "እኛ" እያልን አንዷን ሴት ዞር ብለን አላየናትም። ቁጥር ነበር የሚፈለገው። ቆጠርናቸው፣ አሰለፍናቸው፣ ወደየቤታቸው መለስናቸው። ብዙ ሴት አስቀይሜያለሁ። እናንተ ደግሞ "እኔ" እያላችሁ ያው አንዷን አታዩም። ግን "ብቻዬን" ያልሽውን ተይው።»

«ለምን እተወዋለሁ?»

«ስድስተኛ ስትጨርሺ አባትሽ "ይበቃታል፣ ሱቅ ትቀመጥ" ብለው ነበር።»

«አባቴ? አባቴ እኮ ነው ያስተማረኝ።»

«አዎ፣ በኋላ። ያን ጊዜ እናትሽ ሰኪና በጓሮ በር መጥታ አለቀሰችብኝ። ሦስት ሴቶች ሆነን ሱቃቸው ሄድን። ስኳር ገዛንና ተቀመጥን። ደንበኛ መጣ፣ ደንበኛ ሄደ፤ እኛ አንነሳም። ሻይ አዘዙልን፣ ጠጣን፤ አንነሳም። ሲመሽ "በሉ ትማር! ሱቄን ልቀቁልኝ!" አሉ።»

እኔ ሳቅኩ። ሀጀር አልሳቀችም። «ነግሮኝ አያውቅም» አለች ቀስ ብላ።

«ምን ብለው ይንገሩሽ? ሴቶች አሸነፉኝ ይበሉ? አላህ ይዘንላቸው፣ ደግ ሰው ነበሩ። እናትሽም አልነገረችሽም፤ ቤቷን ብላ። አየሽ፣ ፊልምሽ ላይ ያለችው ሴትዮም ውሸታም አይደለችም። አልነገሯትም ይሆናል። ግን የማታውቀውን "የለም" ትላለች። ከዚያ አንቺ ትሰሚያትና ሜቲን "ጠንካራ ሁኚ" ትያለሽ። ሜቲ ከዚህ በላይ ምን ትጠንክር? ልጅሽን አዝላ እኮ ነው መጽሐፍ የምታነበው።»

ሀጀር ተነስታ ሐሩንን ከሜቲ ጀርባ ፈትታ ወሰደችው። ልጁ አለቀሰ፤ ወደ ሜቲ እጁን ዘረጋ። ሀጀርም ያን ጊዜ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እኔ ልሂድላት?» አሉ እትዬ ዓለሚቱ።

«እርስዎን አይቀበሉም» አለች ሜቲ። «የተመዘገብኩት በእትዬ ሀጀር ስም ነው።»

«እኔ እሄዳለሁ» አለች ሀጀር። «ሰኞ። ወላሂ እሄዳለሁ።»

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ።

ሰኞ ጠዋት ኢንተርቪው ነበራት። «ጠዋት እሱን ልጨርስ፣ ከሰዓት ትምህርት ቤት» አለች። እንዲቀይሩላት ብትጠይቅ ይቀይሩላት እንደነበር በኋላ ሰምተናል። አልጠየቀችም። ልጅ፣ ትምህርት ቤት፣ ቤት የሚሉ ቃላት ከአፏ እንዳይወጡ ነው ሦስቴ ካሴት የተከራየችው። ኢንተርቪው ከሰዓት ተሻገረ። ጥሩ መለሰች አሉ። «ሴት መሆንሽ አይከብድሽም?» ሲሏት «እኔ ሴት ሆኜ አልመጣሁም፤ ሠርቼ ነው የመጣሁት» አለቻቸው። አጨበጨቡላት።

ትምህርት ቤቱ ስትደርስ ዘበኛው የጽሕፈት ቤቱን በር እየቆለፈ ነበር። በማግስቱ ሥራ ትታ ሄደች። የተፈታኞቹ ስም ተልኮ አልቋል። ለመነች፣ አለቀሰች፣ ዳይሬክተሩ ጋ ደጋግማ ገባች። «ለከርሞ ያምጧት» አሏት። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ቀኑ ነው ያለፈው።

በሳምንቱ ደቻሳ መጣ። ሰው አልላከበትም፤ ራሱ ሰምቶ ነው። ኮፍያውን አውልቆ ሳሎን ገባ። እኔና እትዬ ዓለሚቱም ነበርን።

«አልተቀየምኩም ልጄ» አላት ሀጀርን። «ለትምህርት ነበር የመጣችው። ትምህርቱ ከቀረ እኛም ጋ ሥራ አለ።»

«ጋሽ ደቻሳ፣ ለከርሞ ቀን እንድትማር አደርጋለሁ። ማታ አይደለም፣ ቀን። ኻሊድም ተስማምቷል።»

«ከርሞ የእግዜር ነው» አለ። ከዚያ ወደ እትዬ ዓለሚቱ ዞረ። «አንቺ ነሽ ቃል የሰጠሽኝ።»

እትዬ ዓለሚቱ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ሜቲ ልብሷን በፌስታል ይዛ ወጣች። ሐሩን በሩ ድረስ እየተንገዳገደ ተከተላት።

በፋሲካ ማግስት ሜቲን ዳሯት።

ሀጀር የክፍል ኃላፊ ሆነች። ግን ተለወጠች፤ ይህን መመስከር አለብኝ። አሁን ኻሊድ ሱቁን በጊዜ ዘግቶ ገብቶ ልጁን ይይዛል። መጀመሪያ ጎረቤት ሳቀበት። ሁለት ባሎች ደግሞ በየሚስቶቻቸው ግፊት ተከተሉት። ከወሎ የመጣችው የኻሊድ እህት ልጅ ራሕማ ቀን ትማራለች። በእርግጥ ልጅ ትይዛለች፤ ግን ከትምህርት ሰዓት ውጭ፣ ደሞዟን በወር በወር በእጇ እየተቀበለች። «እንደ ልጃችን» የምትባል የለችም፤ ራሕማ ትባላለች። በሀጀር ክፍል ኢንተርቪው የሚደረገው ሴቶቹ ልጆቻቸውን የሚያስረክቡት ሰው በሚያገኙበት ሰዓት ነው። ወንዶቹም ወደዱት፤ ለካ እነሱም ልጅ ነበራቸው። ራሕማ ትናንት የክፍል ፈተናዋን ውጤት አሳየችኝ። ጎበዝ ናት። ከሰፈራችን የቤት ሠራተኞች አራቱ ዘንድሮ ወደ ቀን ትምህርት ተዛውረዋል። ጉዳዩ ይኸው ነው፤ ከባድ አልነበረም። የሚያስቆጨኝም አለመክበዱ ነው።

ባለፈው ድርጅቱ ለሠራተኞች ግብዣ አድርጎ ሀጀርን አናግሯት ነበር። እኔና እትዬ ዓለሚቱ በእንግድነት ሄደናል። «እዚህ እንዴት ደረስሽ?» አላት መድረክ መሪው።

«ስድስተኛ ክፍል ላይ ሦስት ሴቶች የአባቴ ሱቅ ቁጭ ብለው አስለቀቁኝ» አለች። ሰው ሳቀ። «ማኔጅመንት ስማር ደግሞ ልጄን ሜቲ ደቻሳ ያዘችልኝ። እሷ ከትምህርቷ ቀርታ ነው እኔ የተማርኩት።» ሳቁ ቆመ። ጭብጨባው ቀዝቀዝ ያለ ነበር።

ወርዳ አጠገባችን ተቀመጠች። «ደህና ተናገርኩ እትዬ?»

እትዬ ዓለሚቱ እጇን ያዙላት።

«ስሟን መጥራትሽ ጥሩ ነው» አሉ። «ሚኒስትሪ ብትፈተን ግን ይሻላት ነበር።»