ለሊቀመንበሩ የተከፈተው ሰርቨር

በስደት ከተማችን ሁርሊንግሃም ሰፈር ባለው የስደተኞች ማኅበራችን ቢሮ፣ የአባላቱ ስምና አድራሻ ያለበት ሰርቨር ከቢሮው ውጭ ማንም እንዳይገባበት ተዘግቶ ነበር። ሊቀመንበራችን "ከቤቴ ሆኜ እንዳላይ ማን ይከለክለኛል?" ብለው ተቆጡ። ቴክኒሻናችን ዳዊት ሽማግሌ ማስጠበቅ ነውር መስሎት፣ ጊዜ የሚወስደውን የእሳቸውን ብቻ መግቢያ ከማዘጋጀት ይልቅ ሰርቨሩን ለዓለም ሁሉ ከፈተው። አገር ያጠፋው ይሉኝታ እዚህም ተከተለን።

በማግስቱ አንድ የማናውቀው ሰው የይለፍ ቃል እየቀያየረ ሲሞክር ስክሪኑ ላይ አየን። ገዳይ ሸሽተው እዚሁ ከተማ ካሳራኒ ሰፈር የተደበቁ አባላት አሉን። ዳዊትን "ዝጋው" አልኩት። "እትዬ፣ ጋሼ ይቀየሙኛል" አለ። የኔትወርኩን ገመድ ራሴ ነቀልኩት።

ሊቀመንበሩ ተቋርጦባቸው ወዲያው ደወሉ። "እኔን እንደ ሌባ?"

"ሌባው ለእርስዎ በከፈትነው ሊገባ ነው፣ ጋሼ።"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የእኔም አድራሻ አለበት?"

"ከዝርዝሩ አናት ላይ።"

"እንግዲያስ እንደተነቀለ ይቆይ" አሉ።