ሁለቱ አጥቂዎች

ከአሬሮ ወደ ነገሌ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጠ የእግር ኳስ አሰልጣኝ ወረቀት ላይ ስም እየጻፈ ይሰርዛል። አጠገቡ ያሉት ሽማግሌ አላስቻላቸውም።

«ናጋ ነው ልጄ? ሰላም ነህ? ትጽፋለህ፣ ትሰርዛለህ እኮ።»

«ናጋ ነው አባ። ነገ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ አለብን። ፊት ማንን እንደማሰልፍ ጨንቆኝ ነው።»

«አጥቂ የለህም?»

«ሁለት አሉኝ። ከልጅነታቸው አብረው የተጫወቱ፣ በዓይን የሚግባቡ። አሁን ግን ኳስ አይቀባበሉም።»

«ምን አጣላቸው?»

«የተጣሉትስ አባቶቻቸው ናቸው። ኤላው ጋ፣ ውኃ ጉድጓዱ ላይ፣ በከብት ማጠጣት ተራ። በቀደም አንደኛው ጎል አፍ ላይ ብቻውን ቆሞ እጁን እያነሳ፣ ጓደኛው እያየው ኳሱን ወደ ውጭ ለጋው።»

«ያ ረቢ! አንዱን አስቀምጠዋ።»

«የቱን? የተቀመጠው ልጅ አባት ‹ከእነዚያ ጋር አበረብኝ› ይላል። ዘመዱም ሁሉ ሜዳ የሚመጣው ዱላውን ይዞ ነው።»

«ከብት ያለው ሰው ዱላ ሳይዝ የት ይሄዳል?»

«እሱ አይደል የሚያስፈራኝ!»

«እንግዲያው አብረው ይግቡ።»

«ሳይቀባበሉ ብንሸነፍስ? ያኔ እያንዳንዱ አባት የሌላውን ልጅ ነው የሚረግመው። ከዚያ በኋላ ማን ይገላግላል?»

«አባቶቹን አናገርካቸው?»

«ትናንት አንደኛው ቤት ሄጄ ነበር። ከአጥሩ በር ላይ ፈርቼ ተመለስኩ። አንቱ ቢሆኑ የማንን ስም ይጽፋሉ?»

ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀብለው አይተው መለሱለት።

ትናንት ከደጄ ሲመለስ አይቼው ነበር፤ የዚያ አጥር ባለቤት እኔ ነኝና፣ ጥምጣሜን ወደ ግንባሬ ዝቅ አድርጌ ዱላዬን በእግሬ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋሁት።