መጀመሪያ ትጨርስ

የነርስ ተማሪዎችን የምታስተምረው ሲስተር ትዕግሥቷ ካለቀ ሰንብቷል። ያበገነቻት አንዲት ተማሪ ናት። በጽሑፍ ፈተና የሚስተካከላት የለም፤ በእንግሊዝኛ ተናገሪ ሲሏት ግን አፏን በመርፌ የሰፉት ይመስላል። ባለፈው ሳምንት የአንድ በሽተኛ ትንፋሽ እያጠረ መሆኑን ቀድማ ያየችው እሷ ነበረች። ከውጭ የመጣው ሐኪም አጠገቧ ቆሞ ሳለ ዐረፍተ ነገሩን በልቧ ስታስተካክል ሐኪሙ አልፏት ሄደ። ደግነቱ ሲስተር ደረሰች። አሁን በእንግሊዝኛ የሚሰጠው የቃል ፈተና ዓርብ ነው። ሁለቴ ወድቃለች፤ ሦስተኛውን ከወደቀች ትሰናበታለች።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሲስተር በካርድ ክፍሉ በር ስታልፍ፣ ወረፋ ይዘው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አስቆሟትና የተማሪዋ አጎት መሆናቸውን ነገሯት። ዕድሜያቸውን ቁስል ሲያጥቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ድሬሰር ናቸው፤ ልጅቷንም ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። እንግሊዝኛዋን ራሳቸው እንደሚያስጠኗት፣ አንዲት ስህተት እንኳ እንደማያሳልፏት በኩራት ተረኩላት። ሲስተር ደሟ ፈላ። ለካ በሽታው እቤት ኖሯል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጅቷን ድዳ ያደረጓት እርስዎ ነዎት።»

«ምን ማለትዎ ነው ሲስተር? ስህተቱን ከለመደችው መቼ ትተወዋለች? ዛፍ የሚቃናው በለጋነቱ ነው።»

«ቅጠል ባወጣ ቁጥር ከቀነጠሱበትስ?»

ሽማግሌው ግን ፍንክች አላሉም። እንግዲያው ምን እንዳመማቸው በእንግሊዝኛ ይንገሯት አለች። ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ሁለተኛው ቃል ላይ አስቆመቻቸው። እንደገና ጀመሩ፣ እንደገና አረመቻቸው። በአምስተኛው ግንባራቸውን አላባቸው፤ ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ዞሮ ያያቸዋል።

«ታዲያ ምንዎን ነው ያመመዎት?»

«ይተዉኝ እስቲ። መናገሩም አስጠላኝ።»

«እሷንም ያስጠላት ይኸው ነው ጋሼ። ትንፋሹ አጥሯል የምትል ወሬ ተሰባብራም ብትወጣ ነፍስ ታድናለች። ያማረችው ዐረፍተ ነገር አፍ ውስጥ ከቀረች ለማን ትጠቅማለች?»

ሽማግሌው አቀረቀሩ። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከውጭ ሐኪሞች ጋር ሲሠሩ፣ የሰዋስው መጽሐፉን በቃላቸው እያወቁ፣ ከእሺታ በቀር ቃል እንዳልተነፈሱ አመኑ። አስተማሪያቸው በተሳሳቱ ቁጥር በማስመሪያ ይመታቸው ነበር።

«ለካ እኔም ያንኑ ማስመሪያ ነው የያዝኩት» አሉ።

ሲስተር እንደ መድኃኒት አዘዘችላቸው። ልጅቷ በየቀኑ የአንድ በሽተኛን ሁኔታ ጮክ ብላ ትንገራቸው፤ እስክትጨርስ እሳቸው አፋቸውን ይያዙ። ሲያበቃ ትርጉም የሚያበላሸውን አንዱን ብቻ ያርሟት። ቋንቋ እየተሳሳቱ እንጂ ዝም እያሉ አይለመድም።

ዓርብ ፈታኙ በመሃል ጥያቄ ሲያስገባባት ልጅቷ ተደናቀፈች። ልጅቷ ግን ምራቋን ዋጥ አድርጋ እንደምንም መለሰችና የተሰጣትን በሽተኛ ሁኔታ እስከ መጨረሻው ተናገረች። አለፈች።

አጎትየው ከበሩ ውጭ ቆመው ሲያዳምጡ ኖረዋል። ሲስተር ስትወጣ፣

«አሥራ አንድ ስህተት ቆጠርኩ» አሏት።

«አሥራ ሁለት ናቸው ጋሼ።»

ሽማግሌው መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ይሁን። ልጄ ትናገራለች እኮ» አሉ።