የረጠበ በርኖስ ሽታ

ወላሂ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። አቀስታ ላይ ክረምቱ ሲበረታ ከበርሜል ያሠራነውን የብረት ምድጃ እንለኩሳለን። በጋውን ሳይነካ ስለሚቆይ የመጀመሪያ ቀን ቤቱ አቧራና ዝገት ይሸታል። ዘንድሮ ግን የሸተተን የረጠበ በርኖስ ነው። አባቴ ከዝናብ ሲገቡ ምድጃው ጥግ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው የሚያደርቁት፣ አምና ሲሞቱ ሰደቃ ብለን ለሰው የሰጠነው በርኖስ!

«አቧራው ነው እማዬ» አልኳት። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን። እሷ ባዶውን ዱካ ወደ እሳቱ አስጠጋችና «ጠጋ ብለው ይሙቁ» አለች። እኔን አንቱ ብላኝ አታውቅም። እሳቱ ሲበርድ ዱካውን ላነሳ ያዝኩት። መቀመጫው ርሷል። ቤታችን ደግሞ አያፈስም።