አርባ ስምንተኛው ሰው

— ሄሎ… አቤት። አዎ፣ የልብስ ሰፊዎች ማህበር ነው፣ አልተሳሳትክም። ማን ልበል?

— ማን?… እየተቆራረጠብኝ ነው፣ ትንሽ ጮክ በል… ኪሴ? አንተ ኪሴ ነህ እንዴ? ኪስ መግጠም እስክትለምድ ስንት ሱሪ ያበላሸህብን ኪሴ?… ኧረ ጠፋህ። ከማህበሩ ደጅ ከቀረህ ዘጠኝ ዓመትህ እኮ ነው።

— ምን?… እኔ እሰማሃለሁ፣ አንተ ነህ የማትሰማኝ። ጸሐፊዋን ፈልገህ ነው?… አዳራሽ ገብታ ፊርማ እያስፈረመች ነው። ለእኔ ንገረኝ፣ ያው ነው።

— መንገድ ላይ ነህ? ወደዚህ?… እሰይ። እሰይ የኔ ልጅ። ሱቅህን ዘግተህ?… ተባረክ። በሕልሜም አላሰብኩትም። ዛሬማ ጉድ ነው፣ አዳራሹ ጢም ብሏል። ባለፈው ጥሪ ስንት ሰው መጣ መሰለህ? ስድስት። እሱም የኮሚቴው አባላት፣ ለራሳችን ሪፖርት አንብበን ለራሳችን አጨብጭበን ወጣን። ዛሬም ማንም አይመጣም ብዬ ቆርጬ ነበር።

— ጸጥታቸው ደግሞ። አርባ ምናምን ልብስ ሰፊ አንድ ላይ ተቀምጦ ዝም ሲል አይተህ ታውቃለህ? እኔ እዚህ ቢሮ ቁጭ ብዬ ንግግሬን አጠናለሁ። ጸሐፊዋ «እስክጠራዎት እንዳይወጡ» ብላኛለች… ሄሎ? ትሰማኛለህ?

— ስንት ሰዓት ነው ምኑ?… ቀብሩ?

— የምን ቀብር?

— ቀስ ብለህ ተናገር። አታልቅስ… መኪና እየነዳህ አታልቅስ፣ ዳር ያዝ። ያዝክ?… እሺ። አሁን ንገረኝ። ማን ነው የሞተው?

— ሊቀመንበሩ።

— የትኛው ሊቀመንበር?… ልክ ነህ፣ ያለው አንድ ነው።

— ማን ነገረህ?… በስልክ መልእክት? አንብብልኝ እስቲ… «ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገሉንን ሊቀመንበራችንን… ለመጨረሻ ጊዜ ለመሰናበት… በስምንት ሰዓት በአዳራሻችን እንድትገኙ።» አበቃ?… ወንበሩን ላስረክብ ነዋ። መሰናበቱ ከወንበሩ ነው እኮ። ጸሐፊዋ እንደዚያ ልትል ፈልጋ…

— ቆይ። እንዳትዘጋው። የስልኩ ገመድ እስከ አዳራሹ በር ይደርስ እንደሆነ…

— ጥቁር ለብሰዋል።

— ሁሉም… ያቺ ቀሚስ ሰፊዋ፣ ከእኔ ጋር ተጣልታ የወጣችው፣ መሀረቧን አፏ ላይ ይዛለች። ፎቶዬን ጠረጴዛ ላይ አቁመውታል። ጠዋት ጸሐፊዋ ከግድግዳው ስታወርደው ልትወለውለው መስሎኝ ነበር።

— ለማህበሩ ብለው የመጡ መስሎኝ፣ ኪሴ። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ። ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሲገባ ኮቴ እየሰማሁ ደስ ብሎኝ ነበር።

— እኔ ነኝ… እኔ ነኝ እልሃለሁ፣ ጋሼህ ነኝ። አልሞትኩም… አዎ፣ በቁሜ። ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ደህና ነኝ… ሳቅ፣ ሳቅ፣ ይውጣልህ።

— እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እዚህ ስትደርስ ምን ልትል አስበህ ነበር?… እንዲያው ነው… «ማህበሩ ባይኖር መርፌ አልጨብጥም ነበር»? እሱን ልትል ነበር?… ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስንጠራህ ታዲያ አፍህን ማን ያዘው?

— አልተቆጣሁም። በል ሞተሩን አስነሳና ና… ምን?

— ትመለሳለህ?

— ግማሽ መንገድ መጥተህ?… ገበያ ነው፣ ገባኝ። ለለቅሶ ሱቅ ይዘጋል፣ ለስብሰባ አይዘጋም፣ ገባኝ። ግን ስማኝ። ከመንግሥት የማህበራት መዝገብ ክፍል የተላከ ሰውዬ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። ማን ሞተ ማን ዳነ ግድ የለውም፣ ራስ ነው የሚቆጥረው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አርባ ስምንት አባል በአካል ካልተገኘ ማህበሩ ይሰረዛል። ሦስተኛው ጥሪ ነው፣ አራተኛ የለም።

— ምን ያደርግልኛል?… ልክ ነህ። ክርና ዚፕ በጅምላ እያመጣን የምናከፋፍልበት ጊዜ አልፏል። የደንብ ልብሱንም ፋብሪካ ወሰደው። በእሱ ፈንታ ሌላ አላሰብንላችሁም፤ ስንጠራችሁ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ነው የምናነብላችሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልክድም። ግን ሱቅህ የተቃጠለ ጊዜ፣ በማግስቱ ሁለት የስፌት መኪና ተሸክሞ ደጅህ የቆመው ማን ነበር?… አዎ፣ እኛ ነን። ነገ የሌላው ሲቃጠልስ ማን ይቆማል?

— እና አትመጣም?

— እንደሞትኩ ቁጠረውና ና። ምን ልዩነት አለው?… በራሴ አላሟረትኩም፣ እየለመንኩህ ነው። ገብተህ ተቆጠርና ወዲያው ውጣ።

— ሄሎ?… ኪሴ?… ትሰማኛለህ?

— ሄሎ።

— ግቢ፣ ግቢ። በሩን መልሺው… ታውቂ ነበር አይደል?… ከመቼ ጀምሮ?… የመጀመሪያዋ እያለቀሰች ስትገባ። እና እንዳልወጣ ብለሽ ቢሮ አስቀመጥሽኝ… አታልቅሺ አንቺም፣ በቃሽ። እኔም ብሆን ምን አደርግ ነበር። ስንት ሆኑ?

— ከአንቺ ጋር አርባ ሰባት።

— ኪሴን አትጠብቂው፣ ተመልሷል። በሕይወት አለሁ አልኩታ።

— ለምን እንደዚያ ታዪኛለሽ?… እኔን? እኔ ወጥቼ ልቆጠር?… እኔ ስወጣ እነሱ የሚቀመጡ መሰለሽ? እግዜር ይመስገን ብለው፣ አቅፈው ስመውኝ፣ ሰውዬው ቆጥሮ ሳይጨርስ ሱቃቸው ይገባሉ። ካልወጣሁ ደግሞ አንድ ሰው ጎደለ።

— ስንት ደቂቃ ቀረ?… አራት።

— ኮቴን አቀብይኝ… ጥቁሩን አይደለም፣ ለራሴ ለቅሶ አልለብስም። ሰማያዊውን ስጪኝ፣ እዚሁ የሰፋነውን።

— ቆይ፣ ይሄን ስልክ ልዝጋው… በሩን ቀስ ብለሽ ክፈቺው። እንዳይደነግጡ።