ለሂንዳ ጤና ሲባል

ሙኒያዬ፣ እስኪ ጠጋ በይልኝ፤ ባጃጁ ለሦስት ሴት ጠበበን። ጥግ ያለሽው እህቴ፣ ተመቸሽ? ... እሰይ። አቦ፣ የዛሬው ሙቀት! ቀፊራ ገበያ ቲማቲሙ ሳይቀር እዚያው መደቡ ላይ ይቀቀላል። ዐብዲወሊ፣ ቀስ ብለህ ንዳ፤ ሾርባ ይዣለሁ።

ለሂንዳ ነዋ! በኦፕራሲዮን ከወለደች ይኸው ስድስተኛ ቀኗ። ሴት ልጅ፣ ማሻአላህ። አንቺ ግን፣ ሙኒያ፣ ምነው ገንፎ ይዘሽ አልሄድሽም? ... ገባኝ፣ ገባኝ። ያቺ አሳቢያችን አንቺም ቤት መጥታለች ማለት ነው።

ወላሂ፣ እንደሷ ያለ አሳቢ ሰው አላየሁም! የሂንዳ ባል ለሥራ ዋሂል ሲሄድ አደራ ያለው እሷን ነው፤ ሥጋው አይደለች? ሂንዳ እርጉዝ ሳለች ሐኪሙ ምን አላት? "ክብደትሽ ጨምሯል፤ አመሻሽ ላይ ከሰው ጋር በእግር ሂጂ፣ አትክልት ብዪ" ነው ያላት። ያቺ አሳቢ አብሯት መሄዱ ቢከብዳት ጊዜ የሂንዳን ኪሎ ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሰችላት። ብቻዋን እንዳትጨነቅ ይሆናላ! ዳቦ ሻጩ ሳይቀር ቁጥሩን ያውቀዋል።

ከወለደች ወዲያማ ደግነቷ ባሰበት። በዚህ ፀሐይ በር ለበር እየዞረች፣ "ገንፎ እንዳታመጡ፤ ሰውነቷ ላይ ያለው ስብ አርባውን ቀን ያደርሳታል" ስትል ነበር አሉ። በገዛ እግሯ! ቀድሞ የገባውን ቅቤም ሂንዳን እንዳይፈትናት ብላ ወደ ቤቷ ወሰደችው። ፊቷ እንዴት እንደጠራ አላየሽም? ... ተስማምቷታል።

ትናንት ስገባ ሂንዳ ሻሿን ፊቷ ላይ ስባ፣ "ሸዋገነት፣ ሰው ሁሉ የጠላኝ ስለወፈርኩ ነው?" አለችኝ። አምስት ቀን ሙሉ ሻይ በደረቅ ዳቦ! ልጅቷ ጡት ይዛ ታለቅሳለች። እኔም አብሬ አለቀስኩ። ቁስሏን ልታይ የመጣች ነርስ፣ "አራስ ካልበላች ምን ልታጠባ ነው? ይህን ምክር ማን ሰጣችሁ?" ስትል ግን ስም አልጠራሁም። ደግነት በአደባባይ ይወራል እንዴ? ...

ነገ ምግብ የማድረሱ ተራ የአንቺ ነው፣ ሙኒያ። ሂንዳ ጠንከር ስትል ደግሞ አመሻሽ አመሻሽ አብረናት በእግር እንወጣለን። ኪሎ የማይቆጥር ሰው ብቻ ይምጣ።

ውይ፣ ጥግ ያለሽው እህቴ፣ ያን የጠራ ፊትሽን ላብ አጠመቀው እኮ! ሙቀቱ ነው፣ አይደል?

ለማንኛውም ደግ ሰው መመረቅ አለበት። ዕድሜና ጤና ይስጣት። አልጋ ላይ የዋለች ቀን ልክ እንደሷ የሚያስብላት ሰው በራስጌዋ ያቁምላት፤ አንድ ሳይሆን ሰባት! ... አሚን በይ እንጂ፣ ሙኒያ። አንቺም እህቴ፣ አሚን በይ፤ ምርቃት ላይ ዝም አይባልም።