የልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ

ደብረ ማርቆስ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው ያለውን ጎልማሳ ጠየቁት።

«የልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ስንደርስ ትነግረኛለህ? ከዲማ የመጣሁት ቁምጣ ላሰፋ ነው።»

«አባቴ፣ በረንዳው ፈርሶ ያ የመስታወት ፎቅ ተሠራበት።»

«ሰፊዎቹስ?»

«ተበታተንን። እኔ አሁን የምሰፋው ቤቴ ነው። ይምጡ፤ ኢንሻአላህ ዛሬውኑ ይደርስልዎታል።»

«ቁምጣውስ የትም ይሰፋል ልጄ። የናፈቀኝ፣ ልብሱ እስኪደርስ አግዳሚው ላይ ከሰው ጋር የምንጫወተው ነው።»

«እኔንም ናፍቆኛል። ቤት ውስጥ ከስፌት መኪናዬ ድምፅ በቀር የሚያጫውተኝ የለም።»

«እንግዲያውስ ቤትህ እንሂድ። አንተ ስትሰፋ እኔ አጫውትሃለሁ።»

ታክሲው ፎቁ በር ላይ ሲቆም፣ አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩትን የመሥሪያ ቤቴን ባጅ ሸሚዜ ውስጥ ከትቼ ወረድኩ።